ካሳ የሚለው የወንድ ስም ከየት መጣ? ለምንስ እየቀረ ሄደ?

የካዛንቺሷ — ማክሰኞ፣ ማታ 2:40

ሰላም ለመድረኩ። ለሚወለድ ወንድ ልጅ «ካሳ» የሚል ስም ቀርቦ፣ ከቤተሰቡ ግማሹ «የአያት ስም ነው፣ ይሁን» ይላል፤ ግማሹ «ልጁን ከወዲሁ አታስረጁት» ይላል። ክርክሩን ተዉትና የሚያውቅ ሰው እንዲያስረዳ የምፈልገው ይህን ነው። ስሙ በምን ምክንያት ነበር የሚወጣው? እየቀረ የመጣውስ ለምንድን ነው? ሰፈራችን ካዛንቺስ ከአንድ ካሳ ከሚባል ሰው ስም መጣ የሚባለው እውነት ነው? የልደት ምስክር ወረቀት ላይስ «ሳ» ነው «ሣ» የሚጻፈው?

---

መዝገብ አገላባጭ — ማክሰኞ፣ ማታ 3:25

እቴ፣ ከግሱ እንነሳ። ካሰ፣ ይክሳል፣ መካስ። የተጎዳን ሰው ጉዳቱን በሚመጥን ነገር መመለስ ነው። «እግዜር ይካስህ» ስንል ዛሬም በዚሁ ትርጉም ነው። በትግርኛ ቃሉ ካሕሳ ነው፤ ስሙም ካሕሳይ። አማርኛው ሐን ጣለና አናባቢዋን አስቀረ።

ስሙ በአብዛኛው ሞትን ተከትሎ ይወጣ ነበር። ታላቁ ልጅ በሕፃንነቱ ሞቶ ቀጥሎ ወንድ ሲወለድ፣ እናት ነፍሰ ጡር ሳለች አባት ሲሞት፣ ወይም የቤቱ ትልቅ ሰው በተቀበረበት ዓመት ልጅ ሲገኝ «ፈጣሪ ካሰን» ይባልና ልጁ ካሳ ይሆናል። ካሳሁን፣ ካሳዬ፣ ካሴ፣ ለሴት ደግሞ ካሴች ከዚሁ ቤት ናቸው።

ከሐዘን በኋላ የሚወጡ ስሞችን ሰዎች አንድ ላይ ይጨፈልቋቸዋል፤ ልዩነት አላቸው። ምትኩ፣ ተካና ተካልኝ የሟቹን ቦታ ነው የሚያዩት፤ ቦታው ባዶ አልቀረም ይላሉ። ማስረሻና መርሻ የእናትን ሐዘን ነው የሚያዩት። ካሳ የሚያየው ዕዳውን ነው፤ ተበድለን ነበር፣ አሁን ተከፈለን። ዘለቀ፣ ቆየና ኑርልኝ ደግሞ ፊታቸውን ወደ ፊት ያዞሩ ናቸው፤ ያለፈው አለፈ፣ ይህ ይቆይልን ነው ነገሩ።

ሌላም ምንጭ አለ፤ የሰው ደም። ሰው ተገድሎ እርቅ ሲወርድ የገዳይ ወገን ለሟች ወገን የደም ካሳ ይከፍላል። እርቅ ካልወረደ ደም መመለስ ይመጣል። አባቱ ወይም አጎቱ ተገድሎ የተወለደ ልጅ ደመላሽ ከተባለ ቤተሰቡ በቀልን ሲያስብ እንደነበር ስሙ ራሱ ይናገራል። ካሳ ከተባለ ግን ልጁ ራሱ እንደ ካሳ ተቆጠረ፣ ቁርሾው ይብቃ ማለት ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ስሞች ለአንድ ሐዘን የተሰጡ የተቃረኑ መልሶች ናቸው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ካሳ የተባለ ሁሉ ሞት ተከትሎ የተወለደ አይደለም፤ ለአያት፣ ለክርስትና አባት ወይም ለአንድ ታዋቂ ሰው ክብር የወጣለትም አለ። ለመለየት የታላቆቹን ስምና ዕድሜ ጠይቁ። ከታላቁ ጋር አራት አምስት ዓመት ክፍተት ካለ በመካከል የሞተ ልጅ ሊኖር ይችላል፤ ታላቆቹ ሁሉ ተከታትለው ካሉና በአባቱ ወገን ሌላ ካሳ ካለ ግን ለክብር የወጣ መሆኑ ያመዝናል። የበኩር ልጅ ሆኖ ካሳ ከተባለ ደግሞ ፍለጋው ከልጆች ሞት ወደ አባት ወይም አያት ሞት ዞር ማለት አለበት።

---

ጎላ ሚካኤል — ማክሰኞ፣ ማታ 3:50

ይህ ሁሉ ድሮ ነው። ዛሬ አራት ኪሎ ላይ ቆመህ «ካሳ» ብለህ ብትጣራ የሚዞርልህ ሰው ሳይሆን የሚጠይቅህ ነው፤ «ስንት ካሬ ነበር? ገንዘቡ ገባ ወይ?» ስሙን የገደለው መሬት አስተዳደር ነው።

የአባቱም ስም ይታይ። አባት «ብሩ» ከሆነ ልጁ «ካሳ ብሩ» ሊባል ነው። ባንክ ቤት ስሙ ሲጠራ ወረፋው በሙሉ ይስቃል።

---

መዝገብ አገላባጭ — ማክሰኞ፣ ማታ 4:05

ጎላ፣ ቀልዱ ቁም ነገር አለበት። የእኛ ስም ከአባት ስም ጋር ተያይዞ ዓረፍተ ነገር እንዲሆን ተደርጎ ይወጣ ነበር፤ ስም አውጪው ሁለቱን ጮክ ብሎ አንድ ላይ ይላቸዋል፣ ካልጣመው ይቀይራል። «ካሳ ብሩ» በዘመኑ ያማረ ነው። ብሩ ማለት እንደ ብር የጠራ ነውና ካሳውም ንጹሕ ነው ለማለት ይሆናል። ቃሉ አልተለወጠም፤ አብረው የሚሰሙት ቃላት ተለወጡ።

ዛሬ ካሳ የሚባለው በብዛት የሚሰማው በመሬት ጉዳይ መሆኑ እውነት ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ራሱ «ካሣ የሚከፈልበት» የሚል ሐረግ ርእሱ ላይ አለው። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ደግሞ ቃሉ ከሰው አፍ የሚወርድበት ጊዜ አልነበረም። ግን አዋጁ ከመውጣቱ በፊት የተወለዱት የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ የአዲስ አበባ ልጆችም ካሳ አልተባሉም። ስለዚህ መሬት አስተዳደሩ ስሙ ከታመመ በኋላ የደረሰ ነው።

---

ደጃች ውቤ ሰፈር — ረቡዕ፣ ጠዋት 1:30

የታሪኩን ነገር ማንም አላነሳውም እኮ። ሁለት ንጉሠ ነገሥታት ካሳ ነበሩ!

የቋራው ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሡ ቴዎድሮስ ተባሉ፤ የፈረስ ስማቸው አባ ታጠቅ። መቅደላ ላይ በ1860 ሞቱ። የትግራዩ ካሳ ምርጫ፣ በፈረስ ስማቸው አባ በዝብዝ፣ በ1864 አክሱም ላይ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ነገሡ፤ በ1881 መተማ ላይ ወደቁ። በመካከላቸው የነገሡት ተክለ ጊዮርጊስ ብቻ ናቸው፣ የቀድሞ ስማቸው ጎበዜ። ማለትም ከ1847 እስከ 1881 ዙፋኑ ላይ ከተቀመጡት ሦስት ሰዎች ሁለቱ ካሳ ናቸው። ይህን የመሰለ ስም እንዴት «የሽማግሌ ስም» ይባላል?

---

አራት ኪሎ ቤተ መጻሕፍት — ረቡዕ፣ ጠዋት 2:15

ጋሼ ውቤ፣ ያነሡት ልክ ነው፤ ግን የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። ሁለቱም ሲነግሡ ካሳን ትተው ነው የነገሡት። ለታላቅነታቸው መታሰቢያ ልጅ የሚሰይም ሰው ቴዎድሮስ ወይም ዮሐንስ ይላል እንጂ ካሳ አይልም። ቸርችል ጎዳና ላይ ያለው አደባባይም፣ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ የቆመበት፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ነው የሚባለው። ቴዎድሮስ የሚለው ስም ዛሬም ቴዲ ሆኖ በየሰፈሩ አለ። ካሳ በሕዝብ አፍ «መይሳው ካሳ» ሆኖ ቀረ፤ በፉከራ የሚነሣ፣ ለልጅ የማይወጣ።

ስሙ በራሱ የከበረው በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው። ልዑል ራስ ካሳ ኃይሉ፣ ከ1881 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. የኖሩት፣ የዙፋን ስም ሳያስፈልጋቸው በካሳነታቸው ታወቁ። በሰሜን ግንባር ጦር መርተዋል፤ ከንጉሡ ጋር ተሰደዋል። ሦስት ልጆቻቸው ወንድወሰን፣ አበራና አስፋወሰን በ1929 ዓ.ም. በጣሊያን ተገደሉ። የቀሩት ልጅ ልዑል ራስ አስራተ ካሳ በኅዳር 1967 በደርግ ከተረሸኑት አንዱ ናቸው። ራስ ካሳ ሰፈር የሚባለውም ከእሳቸው የመጣ ነው። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲውን በ1950ዎቹ የመሩት ልጅ ካሳ ወልደ ማርያምም አሉ፤ በክራሩ የሚታወቀው ካሳ ተሰማም አለ። መኳንንት፣ ምሁር፣ አዝማሪ፤ ስሙ በሁሉም ደጃፍ ገብቶ ነበር።

ለሚመራመር ሰው አንድ ወጥመድ አለ። ቴዎድሮስም ካሳ ኃይሉ ናቸው፣ ራስ ካሳም ካሳ ኃይሉ ናቸው። የሁለቱ አባቶች ስም ኃይሉ ከመሆኑ በቀር አንድ አይደሉም። የራስ ካሳ አባት የላስታው ደጃዝማች ኃይሉ ወልደ ኪሮስ ናቸው፤ በእናታቸው የራስ ዳርጌ የልጅ ልጅ ናቸው። በኢንተርኔት ላይ የአንዱ ፎቶ ከሌላው ታሪክ ጋር ተለጥፎ የሚዞረው በዚህ ምክንያት ነው። ፎቶግራፍ ካለው ቴዎድሮስ አይደለም፤ ይህቺን ብቻ ብታስታውሱ ግማሹ ስሕተት ይወገዳል።

---

ደጃች ውቤ ሰፈር — ረቡዕ፣ ጠዋት 2:40

ይሁን፣ በመታሰቢያው ነገር ልስማማ። ግን ነገሥታቱ ለስሙ ምንም አልጨመሩም ማለት ይከብዳል።

---

አራት ኪሎ ቤተ መጻሕፍት — ረቡዕ፣ ጠዋት 2:55

አልጨመሩም አላልኩም። ነገር ግን ስሙ ከእነርሱ በፊት ነበር፣ እነርሱም ራሳቸው የተሰየሙበት ነው። ጨመሩ ለማለት ከእነርሱ በፊትና በኋላ የተወለዱ ሰዎች ዝርዝር ያስፈልጋል። ያለዚያ በስም ብቻ መፍረድ ነው የሚሆነው።

---

የካዛንቺሷ — ረቡዕ፣ ቀን 6:10

ሁላችሁም ተባረኩ። የሰፈሩ ነገርስ?

---

ባለ ካርታው — ረቡዕ፣ ቀን 7:00

ከካሳ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚሠራ ተቋም ነበር፤ የመጀመሪያ ፊደሎቹ ተገጣጥመው «ኢንቺስ» ይነበባሉ። ቤቶቹ «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ፤ ካዜ በጣሊያንኛ ቤቶች ማለት ነው። የአዲስ አበባ ሰው አፍ አሟሽቶ ካዛንቺስ አደረገው። ፖፖላሬም ከዚያው ዘመን የቀረ የቤቶች ስም ነው።

«ካሳንችስ» እያሉ በ«ሳ» የሚጽፉ ስለበዙ ነው አንድ ባለጸጋ ካሳ የተፈጠረው። ሰው ስም ካየ ባለቤት ይፈልግለታል።

---

ቆጣሪው — ረቡዕ፣ ማታ 1:20

«ቀረ»፣ «በዛ» እየተባለ ነው። ማንም ሰው በራሱ ሊያጣራው የሚችልበት መንገድ ስላለ እሱን ልጻፍ። የእኛ አጠራር ለዚህ የተመቸ ነው፤ የአንድ ሰው ሙሉ ስም ሦስት ትውልድ ይዟል። አንደኛው ስም የዛሬውን ልጅ፣ ሁለተኛው ከ25 እስከ 30 ዓመት ወደ ኋላ፣ ሦስተኛው 50 እና 60 ዓመት ወደ ኋላ ያሳያል። ስለዚህ ሙሉ ስም ያለው አንድ ረጅም ዝርዝር፣ ለምሳሌ በማስታወቂያ ሰሌዳ የተለጠፈ የተመዝጋቢዎች ስም፣ ሦስት ዘመን በአንድ ወረቀት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዝርዝሩን ኤክሴል ላይ አስገቡ። ከመከፋፈላችሁ በፊት ድርብ ስሞችን አያይዙ። ገብረ ማርያም፣ ኃይለ ሥላሴ፣ ወልደ ጊዮርጊስ ክፍተት ካላቸው ኤክሴል ሁለት ስም ያደርጋቸውና አባትየው ወደ አያት ዓምድ ይሸሻል። «ገብረ»፣ «ወልደ»፣ «ኃይለ»፣ «ተክለ»፣ «ሣህለ» የሚሉትን ከተከታያቸው ጋር ሳታጣብቁ ከጀመራችሁ ውጤቱ ከንቱ ነው። ከዚያ በክፍተቱ ልክ ሦስት ዓምድ አድርጉ። አራት ዓምድ የሆነባችሁን መስመር ለብቻ አውጥታችሁ በዓይን እዩት።

ቀጥሎ ፊደል። ካሳና ካሣ ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን አይደሉም። በዩኒኮድ ሳ 1233 ነው፣ ሣ 1223 ነው። አንዱን ስትፈልጉ ሌላው አይመጣም። በቅጂው ላይ ሣን ሁሉ ወደ ሳ ቀይሩ፤ ዋናውን ግን አትንኩ። ፋይሉ የቆየ ከሆነና በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ከሆነ ፊደሉ ስክሪን ላይ አማርኛ ይመስላል እንጂ ሲፈለግ አይገኝም። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት።

ከዚያ ቁጠሩ፤ ሁለት ጊዜ። አንዴ ልክ «ካሳ» የሆነውን ብቻ፣ አንዴ በ«ካሳ» የሚጀምረውን ሁሉ። የሁለቱ ልዩነት ካሳሁንና ካሳዬ ናቸው። ካሴና ካሴች በዚህ አይያዙም፤ ለብቻ ፈልጓቸው። ውጤቱን በጥሬ ቁጥር ሳይሆን ከ1,000 ስም ስንት ብላችሁ ጻፉት፤ ዝርዝሮች እኩል አይረዝሙም።

አሁን የሚያሳስተው ነገር። ሦስተኛው ዓምድ ላይ ያለ ካሳ የልጅ ልጅ ያየ ካሳ ብቻ ነው። በልጅነቱ የሞተ፣ ያልወለደ፣ የመነነ ካሳ እዚያ የለም። ስምንት የልጅ ልጅ ያለው አንድ ካሳ ደግሞ ስምንት ጊዜ ሊቆጠር ይችላል። በተለይ የአንድ ሰፈር ዝርዝር ከሆነ ይህ ያጋንናል፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ስማቸው አንድ የሆኑ መስመሮችን ወንድምና እኅት አድርጋችሁ አንዴ ቁጠሯቸው። በአንደኛው ዓምድ ላይ ሴቶችም አሉ፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወንዶች ብቻ ናቸው። ስለዚህ አንደኛውን ስታወዳድሩ ሴቶቹን ቀንሱ፤ ያለዚያ ስሙ በእጥፍ የቀነሰ ይመስላችኋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ኋላ ርቆ መሄድ ለሚፈልግ፣ የድሮ የስልክ ማውጫ የሚደረደረው በሰውየው በራሱ ስም ነው፤ የካን ገጽ ከፍቶ ካሳዎችን በመስመር መቁጠር ይቻላል። ስልክ የነበረው ግን ሀብት ወይም ሹመት የነበረው የከተማ ወንድ ነው። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ የሹመት ዜናውና የሐዘን ማስታወቂያው በስም የተሞላ ነው። ለአሮጌ ኅትመት ወመዘክርና ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይጠየቁ።

---

መዝገብ አገላባጭ — ረቡዕ፣ ማታ 2:00

ቆጣሪው እጅህ ይባረክ። አንድ ብቻ ልጨምር፤ በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ካሳን የሚፈልግ ሰው ድካሙ ከንቱ ነው። ወንድ በ40 ቀኑ ሲጠመቅ የሚሰጠው የክርስትና ስም ነው። ለቅዱስ ቁርባንም ለፍትሐትም የሚጠራው እሱ ነው። አንድ ካሳ በመዝገብ ገብረ ሚካኤል ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል። ዘመዶች የክርስትና ስሙን ካልነገሯችሁ ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር የለም። የመቃብር ድንጋይ ላይ ግን የዓለም ስሙም ይጻፋል፤ ከነማዕረጉና ከነዘመኑ። ሥላሴ ካቴድራል ግቢ የድንጋዩን ጽሑፍ ማንበብ ከመዝገቡ ይሻላል።

---

የናሆም እናት — ረቡዕ፣ ማታ 3:10

ለምን ቀረ ለሚለው መልሱ ያን ያህል ረቂቅ አይመስለኝም። ካሳ የሚባል ልጅ እንዲኖር መጀመሪያ የሞተ ልጅ መኖር ነበረበት። በ2000 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር ደረጃ ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ 67 ሆነ። ክትባቱ፣ የጤና ኤክስቴንሽኑ፣ ሆስፒታል መውለዱ ተደምሮ ነው። ልጅ የሞተበት ቤት ሲቀንስ ለእሱ የተሠራው ስምም ሥራ ይፈታል። ምትኩ፣ ማስረሻና ተካም አብረው መሳሳታቸውን እዩት። አበበና ከበደም አርጅተዋል፣ ግን በሌላ ምክንያት፤ እነርሱ በፊደል መማሪያውና በቀልዱ እየተጠሩ ቢያንስ አልተረሱም።

ሁለተኛው፣ ልጅ የሞተባቸው ወላጆችም ቢሆኑ ዛሬ ሐዘናቸውን በልጅ ስም ላይ መጻፍ አይፈልጉም። ልጁ ዕድሜውን ሙሉ «ለማን ነው ካሳ የሆንከው?» እየተባለ የማያውቀውን ወንድሙን ሞት ሲያስረዳ ይኖራል። ይህ ቀላል ሸክም አይደለም።

ሦስተኛው ፋሽኑ ነው። በደርግ ጊዜ አብዮት፣ ትግሉ፣ ዘመቻ መጡ። ከ1980ዎቹ ወዲህ ቢኒያም፣ ናትናኤል፣ ሮቤል፤ አሁን ደግሞ ናሆም፣ ባሮክ፣ አሜን። (አዎ፣ የኔንም ቤት አልፋታሁትም።) የመጽሐፍ ቅዱስ ስም ሲሆን የዓለም ስምና የክርስትና ስም የሚለያዩበት ምክንያት ይቀንሳል። ፈረንጅ አገርም ሲኬድ አያስቸግርም።

የሚገርመኝ ግን ሐሳቡ አለመጥፋቱ ነው። ቤዛ የሚለውን የሴት ስም ተመልከቱ። ቤዛ ማለት በሌላ ፈንታ የሚከፈል ዋጋ ነው፤ የካሳ የቅርብ ዘመድ። በየመዋዕለ ሕፃናቱ ቤዛ ሞልታለች፣ ማንም አርጅታለች አይላትም። ልዩነቱ ቤዛ ከቅዳሴ መምጣቷ ነው፤ ካሳ ከሽምግልናና ከፍርድ ቤት ነው የመጣው።

---

ጎላ ሚካኤል — ረቡዕ፣ ማታ 3:25

ቤዛ ጥሩ ነው። ካሳ የቀበሌ ሽታ አለው፤ እኔ እዚያው ነኝ።

---

ቦሌ መውጫ — ሐሙስ፣ ጠዋት 4:30

ስሙ አልቀረም፣ ቦታ ነው የቀየረው። ውጭ አገር ያለው የኛ ሰው የአባቱ ወይም የአያቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖበታል። እዚያ የተወለዱት ልጆች ካሳን በመጨረሻ ስምነት ይዘው፣ ለልጆቻቸውም እያወረሱ ነው። እዚህ አያት ሲወድቅ ስሙ ከወረቀት ይወድቃል፤ እዚያ ግን አይወድቅም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ማንም ሰው የቤተሰብ ስም፣ የራሱ ስምና የአባት ስም አለው ይላል። የቤተሰብ ስሙ በተግባር ሥር ሳይሰድ ቀረ እንጂ ሰድዶ ቢሆን ዛሬ አዲስ አበባ በካሳዎች በተሞላች ነበር።

---

ንጉሡ ሠ — ሐሙስ፣ ቀን 8:00

እስካሁን ያልተመለሰው የወረቀቱ ጥያቄ ነው። እነሆ።

በእሳቱ ሰ (ካሳ) ወይም በንጉሡ ሠ (ካሣ) መጻፍ ሁለቱም አለ። በሕግ ጽሑፍ ካሣ ይበዛል፤ በሰው ስም ካሳ ይበዛል። የትኛው ይሁን ለሚለው መልሱ አንድ ነው፤ አያትየው የጻፉትን ተከተሉ፣ ከዚያ በኋላ አትቀይሩ። በልደት ምስክር ወረቀት ካሣ፣ በትምህርት ቤት ካሳ፣ በፋይዳ ሌላ ከሆነ ልጁ ሲያድግ «አንድ ሰው ናቸው» የሚል ማስረጃ ሲያሰባስብ ይኖራል።

ዋናው ችግር በላቲኑ ፊደል ነው። ምስክር ወረቀቱ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ስለሚወጣ ምርጫው የሚደረገው ገና በወረዳው መስኮት ነው። አንድ ኤስ ወይስ ሁለት? የቆየው ልማድ ሁለት ኤስ ነው። በፈረንሳይኛ በሁለት አናባቢ መካከል የገባች አንዲት ኤስ «ዝ» ትሆናለች፤ በአንድ ኤስ የተጻፈ ካሳ «ካዛ» ተብሎ ይነበባል። ከጦርነቱ በፊት በቤተ መንግሥቱም በባቡሩም የሚሠራበት የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ እንደነበረ አትርሱ። ዛሬ በአንድ ኤስ የሚጽፉም አሉ፤ ስሕተት አይደለም። ግን የአባትየው ፓስፖርት ላይ አያት «ካሳ» በሁለት ኤስ ተጽፎ ልጁ በአንድ ኤስ ከተጻፈ ኤምባሲ ጥያቄ ያነሣል።

እዚህ ላይ የእቴ ጉዳይ የተለየ ነው። «የአያት ስም ነው» ብለሻል። የአባቱ አባት ካሳ ከሆኑ ሙሉ ስሙ «ካሳ እገሌ ካሳ» ሊሆን ነው። ሕግ አይከለክለውም። ግን ቅጽ የሚሞላው ሠራተኛ የተደገመ መስሎት አንዱን ሊያነሣው ወይም በሌላ ሊተካው ይችላል። ሲፈጸም ደግሞ ማንም አያስተውለውም። ስለዚህ ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት የሚሰጠውን ረቂቅ ሦስቱንም ስም በሁለቱም ቋንቋ ፊደል በፊደል አንብቡ። የእናት አባት ከሆኑ ይህ ችግር የለም፤ በሰንሰለቱ ውስጥ አይገቡምና።

ጊዜውም ይታወቅ። ልደት የሚመዘገበው በ90 ቀን ውስጥ ነው። የሆስፒታሉን የልደት ማሳወቂያና የወላጆችን መታወቂያ ይዞ መሄድ ነው። ሆስፒታሉ ማሳወቂያውን ሲሰጥ ልጁ ገና ስም ስለማይኖረው በእናቱ ስም «የእገሊት ልጅ» ተብሎ ይጻፋል፤ አትደንግጡ። ስም ሳይቆረጥ «ለጊዜው ይህ ይመዝገብ» የሚለውን ግን ተዉት። የተሳሳተ ፊደል ማረምና ስም መለወጥ የተለያዩ ናቸው፤ ካሣን ወደ ካሳ ማረም በማስረጃ ያልቃል፣ ካሳን ወደ ናሆም መለወጥ ፍርድ ቤት ያስኬዳል።

---

የካዛንቺሷ — ሐሙስ፣ ማታ 1:45

የእናት አባት ናቸው፤ አንዱ ጣጣ ቀለለ። «ካሳሁን» ቢባልስ? ግማሹ ቤተሰብ በዚህ ይስማማል።

---

መዝገብ አገላባጭ — ሐሙስ፣ ማታ 2:10

ካሳሁን ከካሳ ይልቅ ወደ ዘመናችን ቀርቧል፤ ካሳ ብሎ የሚጠራ የለም፣ «ካሱ» ወይም «ካስሽ» ይባላል። ነገር ግን ትርጉሙ ከበድ ይላል። ካሳ የሆነውን ነገር ይናገራል፤ ካሳሁን ግን ልጁን «ሁን» ብሎ ያዘዋል። የሞተ ሰው በሌለበት ቤት የሚታዘዘው ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ሽማግሌ አይጠፋም። ለአያትየው ክብር ከሆነ የአያትየውን ስም እንዳለ መስጠት የተሻለ ነው፤ ግማሹ ሲጨመርበት የሌላ ሰው ስም ይሆናል።

---

የናሆም እናት — ሐሙስ፣ ማታ 2:30

ወይም አያትየውን ራሳቸውን ጠይቁ፤ በሕይወት ካሉ። ካሳ የተባሉት ለማን እንደሆነ ከሰማችሁ በኋላ ስሙን የምትፈልጉትም ላትፈልጉት፣ የማትፈልጉትም ልትወዱት ትችላላችሁ።

---

የካዛንቺሷ — ሐሙስ፣ ማታ 2:35

አሉ። እሑድ ይጠየቃሉ።

---

ንጉሡ ሠ — ሐሙስ፣ ማታ 2:41

ስትጠይቋቸው የድሮ መታወቂያቸውን አስወጡና በየትኛው ሳ እንደተጻፈ እዩ። ላቲኑንም ጨምራችሁ ፎቶ አንሱት።